የፈላጩ ፔንግዊን

ድማሚት መጀመሪያ የመታው ጠረጴዛውን ነው። ብርጭቆዎቹ ዘለው ተጋጩ፤ አንዱ ከጠርዙ አልፎ ወለሉ ላይ ተፈረካከሰ። ሁለተኛው ምት የት እንደሚያርፍ እህቱ ስላወቀች ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች። ግን የድንጋይ ፈላጭ ክንድ ከሰው ሐሳብ ይቀድማል። ጥፊው ጆሮዋ ላይ አረፈ፤ ትከሻዋ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት ተነሥቶ አልቆም አለ።

«ድገሚው» አላት። «ያልሽውን እስቲ ድገሚልኝ!»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ስማኝ።»

«ድገሚው አልኩሽ!»

«ጫጩት ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። ሊሆን ይችላል። ገና አልቆረጥነውም።»

እናታቸው ጎንበስ ብላ የብርጭቆውን ስባሪ ትለቅም ጀመር። ቀና ሳትል «እጅህን ሰብስብ» አለችው። «አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልጥ የኖረው ድንጋይ ነው። ሰው ፈልጦ አያውቅም።»

«አንቺ አትግቢበት፣ እማዬ።»

«ቤቴ ውስጥ ነው የምትማታው። ከዚህ ወዲያ የት ልግባ?»

ድማሚት ያሉት የድንጋይ ካባው ሰዎች ናቸው፤ ክብሪት ሳይጫርለት የሚፈነዳ ሰው ስለሆነ። እንደ አባቱ ድንጋይ ፈላጭ ነው፤ አባቱ በሞተበት በዚያው የባሕር ዳር ገደል ሥር ዛሬም መዶሻ ያነሣል። ታናሽ እህቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጣ ይላታል። እሷ ደግሞ በከተማው ሙዚየም የአጥንት ክፍል ውስጥ የድሮ ወፎችን አጥንት መርማሪ ናት። ይህን ሁሉ ዱላ ያስመዘዘው ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ አንዲት ድንጋይ የሆነች አጥንት ናት።

ፔንግዊን መብረር ትቶ በክንፉ ባሕር የሚቀዝፍ ወፍ ነው። ዛሬ ካባ የሆነው ገደል የባሕር ወለል በነበረበት ዘመን፣ ሰው የሚባል ፍጡር ሳይታሰብ፣ ብዙ ዓይነት ፔንግዊን እዚያ ኖሮ፣ ተናክሶ፣ ተበልቶ ሞቷል። የተረፈው አጥንቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ቁርጥራጭ። ሻርክ የነከሰው ክንፍ፣ ማዕበል የፈጨው ጎድን። ከዚያ ሁሉ ውስጥ «እኔ የእገሌ ዘር ነኝ» ብላ አጥርታ የምትናገረው የእግር አጥንት ናት፤ ከጣቶቹ በላይ ያለችው፣ አጭርና ሰፊዋ። ሦስት አጥንቶች ተጣብቀው አንድ የሆኑባት ናት። በተጣበቁበት ላይ ቦይ ይቀራል፤ በቦዩ ውስጥ ደግሞ መርፌ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉ። ቦዩ ምን ያህል ጠለቀ፣ ቀዳዳው የት ወደቀ፣ ይህን አይቶ ዘሩን መለየት የሚጣ ሥራ ነው። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳብሳ ትለያለች፤ ሌላው ሰው የወንድሙን ድምፅ በስልክ እንደሚለይ።

አባታቸው ያቺን አጥንት ያገኛት ከገደሉ ግድግዳ ላይ ነበር። ሙዚየሙ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ እንደሚወድ ያውቃል፤ ከዚህ በፊትም አውጥቶ ሰጥቷል። ድማሚት ያኔ ጢሙ ያላቀመቀመ ጎረምሳ ሆኖ ከጎኑ ቆሞ ነበር። «ተዋት አባዬ፣ ገደሉ ተሰንጥቋል» ብሎታል። አባትየው «አንዲት ምት ብቻ» አለ። መታት፤ አጥንቷ እጁ ላይ ወደቀች። ከዚያ ገደሉ ተናደ። ድንጋዩ ደረቱ ላይ ተኛ። ልጁ ድጅኖ ከሥሩ ከቶ በሙሉ ሰውነቱ ተንጠለጠለ፤ ድንጋዩ ትንሽ ተነሣ፤ አባቱ «በርታ» አለው። ድጅኖው ተንሸራተተ። ድንጋዩ ተመልሶ ሲወድቅ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ በኋላ አባትየው አልጮኸም። ሰዎች ደርሰው ሬሳውን ሲያወጡት ጡጫው እንደተጨበጠ ነበር። ጣቶቹን እየፈለቀቁ ነው አጥንቷን የወሰዱለት።

የያኔው የአጥንት ክፍል ኃላፊ ቦዩ ከሚታወቁት ሁሉ የጠለቀ መሆኑን አይተው «አዲስ ዘር ነው» አሉ፤ በሟቹም ስም ሰየሙት። ስም የወጣበትን የመጀመሪያ አጥንት የሙያው ሰዎች እናት አጥንት ይሉታል። ዓለም ላይ ያለ የወፍ አጥንት አዋቂ ሁሉ ያን ዘር ሲያነሣ የአንድን ድንጋይ ፈላጭ ስም ይጠራል ማለት ነው። የከተማው ሰው ግን በአጭሩ «የፈላጩ ፔንግዊን» ይለዋል። በካባው ውስጥ በዚያ ወፍ የቀለደ ሰው ጥርሱን ለቅሞ ነው የሚሄደው። ድማሚት ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ ሚስቱ ትታው ሄዳለች፣ ጀርባው ጎብጧል፣ ሳንባው አቧራ ጠግቧል። ሚጣን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሳትም «የአባዬን ወፍ የምታውቀው አንቺ ትሆኛለሽ» እያለ ነው።

እሷም አወቀችው። መዘዙ ይኸው ነው።

በቅርቡ ባሕሩ አንድ የሞተ ፔንግዊን ወደ ዳር ተፍቶ ነበር፤ ላባው ገና ያልተለወጠ ጫጩት። ሚጣ እንደ ወጉ ቆዳውን ገፈፈች፣ ቀቀለችው፣ ሥጋውን በቢላ እየፋቀች አጥንቱን አወጣች። የእግሩን አጥንት ጠርጋ ብርሃን ላይ ስታነሣት ልቧ ስንጥቅ አለ። ቦዩ ጥልቅ ነው። ሦስቱ አጥንቶች ገና በቅጡ አልተጣበቁም፤ ጫጩት ስለሆነ። ወስዳ ከእናት አጥንቷ ጎን አስቀመጠቻት፤ የአንድ ማሕፀን ልጆች መሰሉ። የድሮው ኃላፊ የአንድ የታወቀ ዘር ጫጩት አይተው አዲስ ዘር ብለው ሰይመው ቢሆንስ? ጥጃ አይቶ ከላም የተለየ እንስሳ ነው እንደማለት። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ ነው። ከካባው የመጡ ስም ያልወጣላቸው አጥንቶች ደግሞ መደርደሪያውን ሞልተዋል፤ ይህ ሳይለይ አንዳቸውንም በስማቸው መጥራት አትችልም።

ለቤተሰቧ አስቀድማ መናገር አክብሮት መስሏት ነው ወደ እናቷ ቤት የመጣችው።

«ከላይ አይቶ መለየት አይቻልም» አለች ጆሮዋን እንደያዘች። «ቆርጦ ውስጧን ማየት ነው። የጫጩት አጥንት ውስጡ እንደ ዳቦ ነው፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት። የትልቁ ወፍ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዳሩ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይሠራል።»

«ቀለበት ካለውስ?» አለች እናቷ።

«ያኔ የአባዬን ስም ማንም አይነቀንቀውም።»

«ከሌለውስ?» አለ ድማሚት።

እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

«ከሌለውስ አልኩሽ?»

«ስሙ ይሰረዛል።»

ድማሚት ሳቀ። ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። «አንድ ጊዜ ድንጋይ ወደቀበት። አሁን ደግሞ አንቺ ልትወድቂበት ነው።»

«ጋሼ...»

«መቼ ነው የምትቆርጡት?»

ለወንድሟ ዋሽታ አታውቅም። «ነገ ጠዋት» አለች።

በነጋታው ጆሮዋ አብጦ፣ ፀጉሯን በላዩ ጥላ ወደ መቁረጫው ክፍል ገባች። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ሰድር የሆነ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ ክብ መጋዝ ቆሟል፤ እንዳይግል ውሃ እላዩ ላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል። መጋዙን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሰፊ የጎማ ሽርጥ አድርጎ ይጠብቃታል። ድንጋይ የሆነ አጥንት እንደ ሥጋ ስለሚሸነሽን ሉካንዳ ይሉታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ይወደዋል።

«እመቤቴ፣ ዛሬ ምን ልመዝን? ከጭኑ ነው ከጎድኑ?»

«ከእግሩ» አለች። ለመሳቅ ሞከረች፤ ጆሮዋ አሳመማት።

ሉካንዳ ፀጉሯን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ማነው?»

«ወንድሜ።»

«ያ ድማሚት? ለዘበኛው ነግረሻል?»

አልነገረችም። ጠዋት በበሩ ስታልፍ አፏን ከፍታ ነበር። ግን «ወንድሜን እንዳታስገባ» የሚለውን ቃል ዋጠችው። ወሬው በከተማው ሙሉ ይዞራል፤ የፈላጩ ልጅ የፈላጩን ልጅ አስከለከለች ይባላል። ስለዚህ ለዘበኛው እንደምን አደርክ ብላ አለፈች።

«ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ አይመጣም» አለች።

ሉካንዳ ትከሻውን ነቀነቀ። እናት አጥንቷን ከጥጥ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው። ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነሥታለች፤ ቅርጿም በጀሶ ተቀድቷል። ሉካንዳ በሞርሳው፣ በብረት መያዣው፣ መንጋጋ መሐል ጨርቅ አጉርሶ አሰራት፣ የሞርሳውን ረጅም የብረት እጀታ አጠበቀ፣ መጋዙን አስነሣ። ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው።

ያ ጩኸት ነው ኮቴውን የዋጠው። ሚጣ መጀመሪያ ያየችው ሉካንዳ ትከሻ ላይ ያረፈ ነጭ እጅ ነው፤ የካባ አቧራ እስከ ክርኑ ያነጣው እጅ። ዘበኛው «ወንድሟ ነኝ» ሲለው አሳልፎታል፤ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሉካንዳ ሳይዞር «ወረፋ ጠብቅ፣ ወንድሜ» አለ።

ቡጢው አፉ ላይ አገኘው። ከንፈሩ ተተረተረ፤ ደሙ ሽርጡ ላይ ተንጠባጠበ። ሉካንዳ ግዙፍ ሰው ነው፣ ግን በዕድሜው ተማትቶ አያውቅም፤ እጁን ያነሣው ፊቱን ለመሸፈን ነው። ድማሚት በሽርጡ ማንገቻ ይዞ ወደ ጎን ወረወረው። መውደቁን ወደቀ፤ ነገር ግን መንገዱ ላይ የሞርሳው እጀታ ነበር። የብረቱ ጫፍ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከሰውየው የወጣው ድምፅ ጩኸት አይባልም፤ አየር ከጎማ ሲወጣ ያለ ነገር ነው። ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከመጋዙ የሚወርደው ውሃ ቀልቶ ወደ መፍሰሻው መሄድ ጀመረ።

ሚጣ በዚያች ሰከንድ ወደ ሰውየው አልሮጠችም። ወደ አጥንቷ ነው የሮጠችው። ድማሚትም እንደዚያው። ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ቀድማ ደረሰች። መጋዙን አጠፋች፤ እጀታውን ፈትታ አጥንቷን ከሞርሳው መነጨቀች፣ በጡጫዋ ጨብጣ ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። በድንገት የመጣው ጸጥታ ከጩኸቱ ይብሳል፤ የሉካንዳ ትንፋሽና የውሃው መንጠባጠብ ብቻ።

«አምጪው» አላት።

«ጋሼ፣ ሰውየውን እይ! ዓይኑን እኮ ነው!»

«አምጪው፣ ሚጣ። ወስጄ እቀብረዋለሁ። አባዬ ጎን እቀብረዋለሁ፤ ማንም አይቆርጠውም።»

«አልሰጥህም።»

ክንዷን ይዞ ጠመዘዛት። ነከሰችው፤ አቧራና ደም አፏ ውስጥ ገባ፤ እሱ ግን እንደነከሱት እንኳ አላወቀም። በጉልበቷ መታችው። እሱ ከግድግዳው ሰድር ጋር አላተማትና ጡጫዋን መፈልቀቅ ጀመረ። ሲፈለቅቅ ያለቅስ ነበር፤ «ልቀቂ፣ ልቀቂ እንጂ፣ ልቀቂ» እያለ፤ ልክ ያን ጊዜ ገደሉ ሥር የሰው ጣት ሲፈለቀቅ እንዳየው። መሐል ጣቷ ወደ ኋላ ታጠፈና ቀጭ አለ። እጇ ተከፈተ።

አጥንቷ ወደቀች። ድማሚት ሊቀልባት ጎንበስ አለ፤ ጣቱ ነካት፤ አልያዛትም። ሲሚንቶው ላይ እንደ ሸክላ ድምፅ አሰምታ ለሁለት ተሰበረች።

ድማሚት እንዳጎነበሰ ቀረ፤ እጆቹ ባዶውን አየር እንደያዙ።

ሚጣ በጉልበቷ ወረደች። ጣቷ የተሰበረው ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ በግራ እጇ አንዱን ስባሪ አነሣች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችውን አጉሊ መነጽር ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ይህን ማድረግ እንዳልነበረባት በኋላ ብዙ ሰው ነግሯታል። ከኋላዋ ሰው ዓይኑን ይዞ ያቃስታል፣ ወንድሟ ያለቅሳል፣ እሷ አጥንት ታያለች። ግን ስብራቱ ንጹሕ ነበር። መጋዙ ይከፍታት የነበረበት ቦታ ላይ ነው የተከፈተችው።

ዳቦ አይደለም። ቀዳዳ የለውም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከባድ፣ ለጥልቅ ባሕር የተሠራ አጥንት ነው፤ ዳሩ ላይ ደግሞ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ውጭ ሌላ ቀለበት። ይህ ወፍ ክረምትና በጋ ያፈራረቀ፣ ጠግቦ የተራበ፣ ያረጀ ወፍ ነው። ቦዩ የጠለቀው ጫጩት ስለሆነ ሳይሆን ዘሩ እንዲያ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ሌላ ዘር የለም። የድሮው ኃላፊ አልተሳሳቱም።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን «ባላየሁ» ብላ ተመኘች። ጫጩት በሆነ። ጫጩት ቢሆን ኖሮ ወንድሟ ቢያንስ ለአንድ ነገር ተማትቷል፤ የሚጠፋ ስም ሊያድን ገብቷል ይባላል። አሁን ምን ይባላል?

ዘበኞቹ ደረሱ። ድማሚትን በሁለት በኩል ይዘው ከብረቱ በር ጋር አጣበቁት። አልታገላቸውም። ሦስተኛው ዘበኛ ሸሚዙን ቀዶ በሉካንዳ ፊት ላይ ሲያስር «አምቡላንስ! ኧረ አምቡላንስ ጥሩ!» እያለ ይጮሃል።

«ሚጣ» አለ ድማሚት። «ምን ይላል?»

ስባሪውን በግራ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«አየሽው እኮ። አይቼሻለሁ። ምን ይላል?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አፏ ውስጥ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ወንድሟ በነጭ አቧራ ውስጥ በሁለት የእንባ መስመር ተሰንጥቆ ያያታል፤ ለእሱ ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።

«ቀለበት አለው» አለች። «የራሱ ዘር ነው። ስሙ የአባዬ ነው፤ ማንም አይወስደውም።»

ድማሚት ፊቱ በራ። ለያዙት ዘበኞች «ሰማችሁ?» አላቸው። «ሰማችሁ አይደል? የፈላጩ ፔንግዊን! እኔ አላልኩም? አባቴ ለከንቱ...» አንደኛው ዘበኛ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀለት።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ወለሉ ሄደ። ሉካንዳ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ የታሰረለት ጨርቅ ጠግቦ ደሙ በአገጩ ይወርዳል። ከሱ ፊት ለፊት ሁለተኛው የአጥንት ስባሪ በቀላ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ድማሚት ሰውየውን ብዙ አየው፤ አሁን ገና የገባ ይመስል።

«ታዲያ ይሄን ሰውዬ ለምን መታሁት?» አለ።

የጠየቀው ሰው የለም፤ ሁሉንም ነው። ሉካንዳ በተተረተረው ከንፈሩ «እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለው።

ድማሚት መጀመሪያ ግንባሩን በሩ ላይ ሲያሳርፍ የደከመው መሰላቸው። ሁለተኛው ላይ ብረቱ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ቆዳው ተቀደደ። ሰው እንዳይመታ ይዘውት የነበሩት ዘበኞች አሁን ራሱን እንዳይመታ ይጎትቱት ጀመር፤ አልቻሉትም፤ የድንጋይ ፈላጭ አንገት ነው። በእያንዳንዱ ምት መሐል «ለምን፣ ለምን» ይላል፤ ለአባቱ ይሁን፣ ለሰውየው ይሁን፣ ለድጅኖው ይሁን አይታወቅም።

ሚጣ ስባሪውን ወለሉ ላይ ትታ ተነሣች። በዘበኞቹ መሐል ገብታ ደህናውን እጇን በግንባሩና በብረቱ መሐል አስገባች። አንዴ መታት። የእጇ አጥንት እስከ ትከሻዋ ድረስ ነዘራት፤ እጇን ግን አላወጣችም። ደግሞ መታት። ከዚያ ቆመ፤ ግንባሩ መዳፏ ላይ እንዳረፈ፣ ደሙ በጣቶቿ መሐል እየወረደ።

«እጅሽን አንሺ፣ ሚጣ» አላት በሹክሹክታ። «እሰብረዋለሁ።»

«አንተ ጭንቅላትህን አንሣ» አለችው።